እዚያች ጉብታ ዞር ስትል

በሸዋ ምድር መንገድ የተጠየቀ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ይህን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ እግሬ ምስክሬ ነው። ገበሬው ይዋሻል፣ ነጋዴው ይዋሻል፣ ቄሱም ሲቸግረው ይዋሻል። «አንኮበር ሩቅ ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎን፣ ሩቅ ናት» የሚል አንድ ሰው ካገኛችሁ፣ እሱ የሌላ አገር ሰው ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ አያ ወልደአረጋይ ነው። እኔ «ሊቀ ጎዳና» ብዬ ሾሜዋለሁ፤ ሹመቱን ከኔ በቀር የሚያውቅለት የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የመኳንንቱን መልእክት ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሲያመላልስ የኖረ፣ ቅልጥሙ እንደ ወይራ የደረቀ፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በአንድ ሶምሶማ የሚወጣና የሚወርድ ሽማግሌ ነው። ሲሮጥ አያለከልክም። ሲጠየቅም አያስብም። «ቅርብ ናት፤ እዚያች ጉብታ ዞር ስትል» ይላል፣ ያልፋል።

በእጁ የወደቅሁት በእህቴ በትርፌ ምክንያት ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ከአባታችን የደረሳትን የገብስ ማሳ የባሏ ወንድም ገብረ ሕይወት «የወንድሜ ነበር» ብሎ ያዘባት። ትርፌ ሁለት ልጆቿን የምታበላበት ሌላ ቁራሽ መሬት የላትም። እኔ ደግሞ ደብተራ ነኝ፤ ከእግሬ አፌ ይሻላል። ስለዚህ ነገረ ፈጇ ሆንሁ። ችሎቱ አንኮበር ነበር። ጊዜው የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ የዞረበት፣ ሹም ሁሉ ጓዙን ጭኖ ወደዚያ የሚግተለተልበት ዘመን ነው፤ እኔ ብቻ ወደ ኋላ፣ ወደ አንኮበር እሮጣለሁ።

ለብቻ አይኬድም። ሜዳውን ጨርሰው ወደ ገደሉ አፋፍ ሲጠጉ ከቆላው የሚነሣው ጉም ይመጣል፤ የያዙትን በትር እንኳ አያሳይም። ያለ መሪ የሄደ ሰው ቆላ የሚወርደው በአንዴ ነው። እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀጠሮው፣ ያን የደረቀ ቅልጥም ተከትዬ ሮጥሁ።

የመጀመሪያ ቀን የበሬሳን ወንዝ ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን ጠየቅሁት። «ቅርብ ናት፤ እዚያች ጉብታ ዞር ስትል» አለኝ። ጉብታዋን ዞርን፤ ሌላ ጉብታ ቆማ ትጠብቀናለች። አምስቱን ቆጥሬ ስድስተኛዋ ላይ መቍጠሩን ተውሁት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ስንቅ ገና በሦስተኛዋ ጉብታ አለቀ፣ የሱ ውሸት ግን አንኮበር ደርሶ ይተርፍ ነበር።

ሌላ ጊዜ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ አጠገብ አደረሰኝ። ዙሪያው ረግረግ ጨፌ ነው። «ዞረን እንሂድ» ስለው፣ «ምን ያዞረናል፣ ቁርጭምጭሚት እንኳ አያረጥብም» አለ። እሱ አለፈ፤ እንዴት እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። እኔ እስከ ወገቤ ገባሁ። ዳኛው ፊት የቀረብሁት ግማሽ ጭቃ ሆኜ ነው፤ ገብረ ሕይወትም «መሬቱን ተሸክሞት መጣ» ብሎ ሸንጎውን አሳቀብኝ።

አንድ ቀን ደግሞ መምሬ ወልደተንሣኤ የሚባሉ የደብራችን ቄስ ለጉዳይ አብረውን ተጓዙ። አራተኛው ዳገት ላይ ተቀመጡና ገሠጹት። «ወልደአረጋይ፣ ሐሰት ኃጢአት ነው። ከጧት ጀምሮ ቅርብ ናት ትላለህ፣ እኛ ገና መንገድ ላይ ነን።»

አያ ወልደአረጋይ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። «አባቴ፣ እርስዎስ መንግሥተ ሰማያት ቀርባለች እያሉ ያስተምሩን የለም? እኔ ልጅ ሳለሁም ቀርባለች ይባል ነበር። እኔ አንኮበርን ቅርብ ናት ብል ምኑ ያስቆጣል?»

መምሬ ብድግ ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ እስክንደርስ ድረስ ከመስቀላቸው ጋር ብቻ ነበር የሚነጋገሩት።

ደከመኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሙግቱ ሳይሆን ተስፋው ነው ያደከመኝ። ሩቅ ናት ቢለኝ ልቤን አሳርፌ እሄዳለሁ። እሱ ግን በየጉብታው ያስደርሰኝና በየጉብታው ይመልሰኛል። ማታ ቤቴ ስተኛ እንኳ በሕልሜ ጉብታ እዞራለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ዳኛው ተሰላቸ። «በሚመጣው ቀጠሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ያልቀረበ ተረታ» ብሎ ቈረጠ። በቀጠሮው ቀን ገና ሳይነጋ ተነሣን። በሬሳ ሞልቶ ጠበቀን። ውሃው እስኪጎድል ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች። ተሻግረን እየሮጥን የሜዳውን እኩሌታ እንዳለፍን እግሬ በድንጋይ መካከል ገብቶ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ተነሣሁ፤ ወደቅሁ። ድጋሚ ተነሣሁ። ከፊታችን ጉሙ እየገፋ ይመጣል።

«አያ ወልደአረጋይ፣ ቅርብ ናት?» አልሁት።

እግሬን አየ፣ ጉሙን አየ።

«ሩቅ ናት» አለኝ።

ሦስት ዓመት የለመንሁት ቃል ነው። ስሰማው ግን ተስፋዬ ተቈረጠ። ትርፌና ልጆቿ ፊቴ ላይ መጡብኝ፤ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሴት ልጅ አለቀስሁ ብል አላፍርም።

እሱ በትሩን እጄ ላይ አኖረ። «ስማኝ ደብተራ። ኩሬውን በቀኝህ አድርግና ዙር፣ እንዳትገባበት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዳገት አለ፣ ሁለቱም ክፉ ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ ገደሉ በግራህ ነው፣ በበትሩ እየነካህ ውረድ። አትቀመጥ ብቻ።» ይህን ብሎ ሮጠ። ሶምሶማ አልነበረም፤ የምር ሲሮጥ ያን ቀን ገና አየሁት።

መንገዱ ልክ እንዳለው ነበር። ኩሬው በቀኜ፣ ዳገቱ ሁለት፣ ሁለቱም ክፉ። በበትሩ ገደሉን እየነካሁ፣ ስንዝር ስንዝር እያልሁ ወረድሁ። አንኮበር መግቢያ ላይ ካለችው ጎረቤላ ስደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች። እግሬ አብጦ የሌላ ሰው እግር መስሏል።

ችሎቱ አልተነሣም ነበር። ዳኛው ጉንጩን እጁ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ከፊቱ ገብረ ሕይወት በንዴት ጠቁሮ ቆሟል፤ የኩታው ጫፍ ከአያ ወልደአረጋይ ኩታ ጋር ተቋጥሯል። እኔ ባልመጣ ከኔ ጋር አብሮ እንዲረታ፣ እንደ ሙግት ወጉ ሽማግሌው በዋስነት ራሱን ከባለጋራዬ ጋር አስሮ ነው የቆየው።

የሆነውን የነገሩኝ በዚያ የነበሩት ናቸው። ገብረ ሕይወት «ሰውዬው ቀርቷል፣ ይፈረድልኝ» ባለ ቍጥር፣ አያ ወልደአረጋይ «ቅርብ ነው ጌታዬ፤ እዚያች ጉብታ ዞር ብሏል» ይላል። ዳኛው እንዲፈልገኝ ሰው ላከ፤ የተላከው ከጉም በቀር ያየው የለም። በሦስተኛው ዳኛው ተቈጣ። «ማልልኝ» አለው። «ንጉሥ ይሙት፣ ቅርብ ነው» ብሎ ማለ። «ባይመጣ በሐሰት በመማልህ ትታሰራለህ» ቢለው፣ «ልታሰር» ብሎ እጁን ዘረጋ። አስቤ አየሁት፤ እሱ በንጉሥ ስም ሲምል እኔ ገና ኩሬው ዳር ነበርሁ።

ቃሌን ሰጠሁ፣ ምስክር ቈጠርሁ። በሳምንቱ ማሳው ለትርፌ ተፈረደ።

የዚያን ዕለት ግን ቋጠሮው ከተፈታ በኋላ ከአንድ ግንብ ሥር ተቀመጥን።

«አያ ወልደአረጋይ፣ ባልመጣስ ኖሮ?» አልሁት።

«የመጣ ሰው ባልመጣስ ብሎ ይጠይቃል? እግርህን ወዲህ በል።»

እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያሸኝ ጀመር። ውስጥ እግሩን ያን ጊዜ አየሁት፤ ተረከዙ ተሰንጥቆ ደሙ ከጭቃው ጋር ደርቋል። የኔን እንጂ የራሱን አልነካም። ሦስት ዓመት ውሸታም እያልሁ ስረግመው የኖርሁትን ሰው ለካ እወደው ኖሯል። «አመመህ?» አለኝ፣ ፊቴን አይቶ። አላመመኝም አልሁት።