የወደቀው ጳጉሜን

ባለፈው መስከረም መርሳ ላይ በተደረገ ግምገማ፣ ሲስተር ዘይነባ የምትባል የጤና ጣቢያ ኃላፊ በአንድ መስመር ምክንያት ከሥራ ኃላፊነቷ ልትነሳ ነበር። መስመር ስላችሁ የመብራት ወይም የስልክ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የበራ ሰማያዊ መስመር ነው።

እኛ ሰዎች ቁጥር ሲነበብልን እንከራከራለን፤ ያው ቁጥር በቀለም ተስሎ ሲመጣ ግን ዝም እንላለን። ሠዓሊው ይመር ነበር፣ ወልድያ ስታትስቲክስ የሚያስተምር መምህር። ከዕለት መዝገቡ የታካሚውን ብዛት በየወሩ ደምሮ ለኮምፒውተሩ ሰጠ። ሥዕሉን የሚያወጣለት ላይብረሪ ይባላል፤ መጽሐፍ የለበትም፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ ነው። መስመሩ እስከ ነሐሴ ደህና ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ ከገደል እንደተወረወረ ድንጋይ ቁልቁል ወረደ።

ሰብሳቢው ሕዝቡ የት እንደገባ ጠየቁ። አንዱ የሠራተኛው ሥነ ምግባር ነው አለ፣ ሌላው የመድኃኒት እጥረት። ዘይነባ ራሷ ጎርፉ መንገድ ዘግቶ ይሆናል ብላ ተከላከለች። የሚተካት ሰው ስም ሁሉ ተነሣ። ለዜና የመጣሁት እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ጎርፍ» ብዬ ጻፍኩ።

በዚህ መሃል የነዋሪው ተወካይ ሼህ ሰይድ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ ይመር፣ ይኸ ማሽንህ ጳጉሜን ስንት ቀን አርጎ ነው የያዘው?»

ይመር ወደ ግድግዳው ዞረ። «እንደ ማንኛውም ወር ነው ሼህ። አምስት ቀን መሆኑን አልነገርኩትም።»

«በል ንገረዋ። እሱ ያገር ልጅ አይደለም።»

ይመር የየወሩን ድምር ለየወሩ ቀናት አካፈለና እንደገና አሣለው። ጳጉሜን ከነሐሴ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ጎርፉም፣ እጥረቱም፣ የሥነ ምግባር ጉድለቱም ባንድ ጊዜ ጠፉ። ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊት ለፊቷ የነበረውን ውኃ እስከ ታች ጠጣችው። ሰብሳቢው ድሮም ጠርጥረው እንደነበር ገለጹ። ከመርሳ ወልድያ እስክገባ ብቻዬን ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ይመር ደወለልኝ። ኮዱን የጻፈው አምና ነበር፤ የአምናውን ሥዕል ከፍቶ ሲያይ እዚያም ጳጉሜን ወድቋል። ከዘይነባ በፊት የነበሩት ኃላፊ የተነሡት በዚያ ሥዕል ነው። የመነሣታቸውን ዜና የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሥዕሉንም አብሬ አውጥቼዋለሁ።