ኤፌሶንን ይዤ ለሽምግልና

ሽማግሌ ባዶ አፉን አይላክም፤ ተረት ይይዛል። ሰውን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ከማለት በተረት ዞር ብሎ መምጣት እንደሚሻል አባቶቻችን ያውቁ ነበር። እነሱ ግን የተረታቸውን መጨረሻም ያውቁ ነበር። እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በስደት ከተማችን የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ሙሉ ቤቱን ዘግተው ራቅ ብሎ ያለው ጋርዴና ሊከፍቱ ነው ተባለ። ደነገጥን። እሳቸው ከሄዱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የት ልንሰበሰብ ነው? ሶ፣ ሦስት ሆነን ለሽምግልና ተነሣን። ተረቱ ለእኔ ተሰጠ፤ ታሪክ ያነባል የሚል ስም ወጥቶልኛል። በእርግጥ ስለ ኤፌሶን የጀመርኩትን መጽሐፍ ያነበብኩት እስከ ግማሽ ነው። እስከ ግማሽ ያለው ግን ልብ ይሞላል።

በደንቡ መሠረት «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» ብለን ጠረጴዛዎቹ መሃል ተገተርን። ሁለታችን ማለቴ ነው፤ ሦስተኛው፣ ደረጀ፣ ገና ፓርኪንግ ፍለጋ ብሎኩን ይዞራል።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ኤፌሶንን ባሕር ዳር የቆረቆሯት የጥንት ግሪኮች ናቸው። መርከቡ ከየአገሩ ይጎርፍ ነበር። ጠላት ገባባት፣ ተቃጠለች፣ እንደገና ተሠራች። ጸናች። እርስዎም ይጽኑልን።»

እትዬ ሙሉ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ዛሬስ እንዴት ናት?»

እሱ ያላነበብኩት ግማሽ ውስጥ ነው። ስልኬን አወጣሁ። ስልክ የሚያማክር ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለካ ወንዙ ደለል እያመጣ ወደቧን ሞልቶታል። ቢጠርጉት፣ ቢጠርጉት፣ ተመልሶ ይሞላል። ባሕሩ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ፤ ዛሬ ፍርስራሿ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ምን ላድርግ፣ እያፈርኩ ነገርኳቸው።

«መርከቡ መቆሚያ አጣ በለኛ» አሉ፣ የጎረቤት መርዶ እንደሰማ ሰው አዝነው። «ፓርኪንግ ነዋ። ሰዎቹስ?»

«ጥለዋት ሄዱ» አልኩ። ግራ ገባኝ፤ ተረቴ ለማን እንደሚከራከር እኔም አላወቅሁም።

ይሄኔ ደረጀ እያለከለከ ገባ። «ይቅርታ እትዬ፣ ከጋርዴና እዚህ ድራይቭ ካደረግሁት ይልቅ ፓርክ ለማድረግ የፈጀሁት ጊዜ ይበልጣል።»

እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። «የአንተስ ቤት የት ነው?»

«ጋርዴና» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ሌላውም ባልንጀራችን እንደዚያው።

«እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ ነበር፤ ልቤን ነካኝ። «ይህን ሰፈር ጥላችሁ የሄዳችሁት እናንተ፣ አትሂጂ ብላችሁ የመጣችሁትም እናንተ። በሉ ተቀመጡና ብሉ።»

እሺም አላሉን፣ እንቢም አላሉን። ተቀመጥን፤ ርቦን ነበር። ትሪው ቀረበ። ማን ማንን ሊለምን እንደመጣ ጠፍቶን ስንጎርስ ደረጀ ቀና አለ።

«ለመሆኑ እትዬ፣ አዲሱ ቦታ ፓርኪንግ አለው?»

መልሱን ለመስማት ሦስታችንም መጉረስ አቆምን።