የገበዝ ዘውገ ሳጥን

በየሰፈሩ ቆልፎ የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም። ብርጭቆዎቹ ቡፌ ውስጥ እንደተደረደሩ ያረጃሉ፤ እንግዳው በጣሳ ይጠጣል። ሶፋው ከመጣበት ፕላስቲክ ሳይወጣ ልጆቹ ተድረው ይሄዳሉ። ሙሉ ልብሱን ለአንድ ትልቅ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ቀኑ ሲመጣ ልብሱ ይጠበዋል። ታውቁታላችሁ። ወይ ጎረቤታችሁ ነው፣ ወይ አማታችሁ። የእኔው ግን ከሁሉም ይብሳል። እሱ የሚቆልፈው ግድግዳ ነው።

ክቡር አቶ ዘውገ ይባላል። ድሮ አስጎብኚ ነበር፤ አሁን እዚሁ ላሊበላ ከቤቴ ጎን ትንሽ ሆቴል አለው። ሰፈርተኛው "ገበዝ" ይለዋል። ክህነት ኖሮት አይደለም፤ ንብረቱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ንዋይ ስለሚጠብቅ ነው። ንብረቱ ደግሞ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየከተማው ጎዳና ግድግዳ ላይ የሚሥሉ ሰዎች አሉ፤ ግራፊቲ የሚሉት። አንዳንዶቹ ያንኑ ሥዕል በወረቀት ጥቂት ቅጂ ብቻ ያትሙና በየቅጂው ጥግ በእርሳስ ቁጥሩን ጽፈው ይፈርማሉ። ከዚያ ሌላ ቅጂ እንዳይወጣ ማተሚያውን ያጠፉታል። ዘውገ የሚሰበስበው ይህን ነው። የመጀመሪያውን አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ትቶለት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው አልለቀቀውም። የአዲስ አበባን የግድግዳ ሰዓሊዎች በነጻ እያሳደረ፣ እያበላ፣ ሲሄዱ ወረቀታቸውን ይቀበላቸዋል።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሰዓሊው ሥዕሉን መንገድ ላይ ያወጣው ለምን ሆነና? ተሸካሚውም፣ ተማሪውም፣ ሰካራሙም ያለ ከልካይ እንዲያየው አይደለም ወይ? ለመንገደኛ የተባለን ነገር ዘውገ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ለማየት ከፈለጋችሁ በበዓል ቀን ነው፣ ያውም አንድ ብቻ። መጀመሪያ እጃችሁን ያስታጥባችኋል። ከዚያ ነጩ ጨርቅ ይፈታል፣ ቀዩ ጨርቅ ይፈታል፣ ስሱ ወረቀት ይነሣል። ካህናቱ የጥንቱን መስቀል ለጎብኚ ሲያወጡ አጠገባቸው ቆሞ የኖረ ሰው ነው፤ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ወስዶታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ኮፍያውን የዘቀዘቀ ዝንጀሮ ነው።

"አይተንፍሱበት መምህር" ይለኛል። "ማተሚያው ጠፍቷል። ከዚህ በኋላ አይታተምም።"

ይህች አባባሉ ናት። ከጸሎቱ ይልቅ እሷን ይደግማታል።

አንድ ጊዜ የዝንጀሮው ሠሪ ራሱ መጣ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ቀለም የነካካው ልጅ። ሥዕሉን በእጄ ላንሣ ሲል ዘውገ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከፊቱ ቆመ።

"እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት" አለ ልጁ።

"ቢሆንም ታጠብ። ያኔ ያንተ ነበር።"

የሆቴሉ ደረቅ ክፍል የሳጥኑ ነው። እሱና ባለቤቱ አዛለች የሚተኙት እህል ቤት ውስጥ ነው። ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደርሶ ሰው ሁሉ ወደ ገጠር ሲሸሽ ያደረገውን አዛለች እስከ ዛሬ ትናገራለች። "ፍራሹን ትቶ ሳጥኑን አህያ ላይ ጫነ። ብልባላ ደርሰን ባዶ መሬት ላይ ስንተኛ ጋቢውን ለሳጥኑ አለበሰው። ብርዱ አስሳለኝ። ድንግጥ ብሎ ተነሣና ሳጥኑን ዳሰሰው።"

የተማርኩት ፍልስፍና ነው፤ ክርክር አልሸሽም። አንድ ቀን ይዤው ተቀመጥኩ። "ጥቂት ስለሆነ ብቻ የከበረ ነገር፣ ክብሩ የራሱ አይደለም" አልኩት።

"ቤተ ጊዮርጊስ ስንት ቅጂ አለው መምህር?"

"አንድ።"

"እንግዲያ።"

ተነሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጠባችን የከረረው ግን በራሴ ግድግዳ ነው። ባለቤቴ ወለተ ሐና በሕይወት ሳለች ከአጥራችን ሥር ባለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ትወድ ነበር። ቅዳሜ ከብልባላ የሚመጣ ገበያተኛ ሳያናግራት አያልፍም። የማን ላም እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደታረቀ ከእኔ ሬዲዮ ቀድማ ታውቃለች። ካረፈች በኋላ ማኅሌት የምትባል የሰፈራችን ልጅ፣ አዲስ አበባ ሥዕል የተማረች፣ ከድንጋዩ በላይ አጥሩ ላይ ሣለቻት፤ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ ፀሐዩን እየተከላከለች፣ መንገዱን ስታይ። ገበያተኛውም ሰላምታውን ቀጠለ። ቅዳሜ ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ "እትዬ ወለተ ሐና፣ እንደምን አደሩ" ሲሏት እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የምነሣው ለዚያ ድምፅ ነበር።

ማኅሌት ያንኑ ሥዕል በወረቀት ጥቂት አተመች። የመጀመሪያውን ለእኔ ይዛ መጣች። "ግድግዳው እያለ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?" ብዬ መለስኳት። ዘውገ በአጥሩ ማዶ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ልጅቷ ከበሬ ሳትርቅ ወረቀቱ ጨርቅ ውስጥ ገብቷል። የቀሩትን የውጭ እንግዶች ይዘዋቸው ሄዱ፤ እሷም እንደ ሙያው ደንብ ማተሚያውን አጠፋችው።

"ሚስቴን ሳጥን ውስጥ ከተትካት" አልኩት።

"ሳጥኑ ደረቅ ነው መምህር" አለኝ።

ይህን መልስ ለሚሰጥ ሰው ምን ይባላል?

ዘንድሮ መንገዱ ይሰፋል ተባለ። አጥሬ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ፤ ማሽን መጣ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወለተ ሐና ፍርስራሽ ሆና በገልባጭ መኪና ተጫነች። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቆርቆሮ ተተከለልኝ። ማኅሌትን እንደገና ትሥላት እንደሆነ ጠየቅኋት። ቆርቆሮውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። "ሌላ ሴት ትሆናለች እንጂ እሳቸው አይሆኑም አባባ" አለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ገበያተኛው ዝም ብሎ አለፈ። የአህያ ኮቴ ብቻ ሰማሁ፤ አልተነሣሁም።

ወደ ማምሻው በሬ ተንኳኳ። ዘውገ ነው። ብብቱ ሥር ጥቅል፣ እጁ ላይ መዶሻ፤ ከኋላው አዛለች መጋረጃ ከነዘንጉ ይዛለች።

"ስጦታ አይደለም" አለ ገና ሳይገባ። "አደራ ነው። ባለቤቱ እኔ ነኝ።"

"ማን ስጠኝ አለህ?"

"ማንም። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ የትኛው ነው?"

መልስ አልጠበቀም። ሚስማሩን መታ፤ ዘንጉን ሰቀለ። ነጩን ጨርቅ ፈታ፣ ቀዩን ጨርቅ ፈታ፣ ስሱን ወረቀት አነሣ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ወለተ ሐና ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ እኔን አየች። አባባሉን እስኪደግማት ጠበቅሁ። አልደገማትም። አፍንጫውን በመሀረቡ ጠራረገና መጋረጃውን ሳበባት።

"በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሚስቴ ፊት መጋረጃ?"

"ቀለሟ እንዳይለቅ ነው። ከፍተው ይዩ፣ አይተው ይዝጉ።"

አዛለች በሩ ላይ ወደኋላ ቀረት ብላ፣ "እትዬን ከሳጥኑ ሲያወጣቸው ልጁን የሚድር ነበር የሚመስለው" አለችኝ ቀስ ብላ።

አሁን በየጠዋቱ ይመጣል። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ እርጥበት ይፈልጋል። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል ይላል። "ማታ ሳይዘጉ ነው የተኙት" ብሎ ይገሥጸኛል፤ እኔን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በራሴ ቤት። እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ደግሞ ሳይመጣ አረፈደ። ምን ሆነ ብዬ እስከ ረፋድ በር በሩን ሳይ ቆየሁ፤ ሲመጣ ልቆጣው እየተዘጋጀሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ገበያተኛ አህያውን ቆርቆሮው ጋ አቆመ። ከፋለ ነው፣ የብልባላ ገበሬ፤ ለግድግዳዬ ሰላምታ ነስቶ የማያውቅ ሰው።

"መምህር፣ እትዬን የት አደረሷቸው?"

አስገባሁት፤ መጋረጃውን ከፈትሁ። ባርኔጣውን አወለቀ። "እትዬ ወለተ ሐና፣ እንደምን ከረሙ" አለና ቀይዋ ላሙ እንደወለደች ነገራት፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳለባት ጭምር። ከዚያ ጣቱን ወደ ነጠላዋ ጫፍ ዘረጋ።

"እጅህን ሰብስብ" አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም ገረመኝ። "ከዚህ በኋላ አይታተምም።"

ዘውገ ደጃፉ ላይ ቆሞ ኖሯል። ወደ ጓዳዬ ገባና ማንቆርቆሪያ ይዞ ወጣ፤ ለከፋለ ውሃ ሊያፈስለት ጎንበስ አለ።