ሊፍታችንን የበላ ምስጋና

እንግሊዝ አገር ውስጥ የሚያመሰግናችሁን ሰው ፍሩት! የሰደባችሁ ቢበዛ ቅር ያሰኛችኋል። «እናንተ እኮ ጠንካሮች ናችሁ» ያላችሁ ግን... አንድ ነገር ሊወስድባችሁ ነው። ከየት አመጣኸው አትበሉኝ፤ በገዛ አፌ ያመጣሁት ነው።

የምኖረው ስቶክዌል የሚባል ሰፈር፣ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ስድስተኛው ላይ ነው። አገሩ ሁሉ «በጀት ተቀነሰ» በሚልበት ሰሞን ሊፍታችን ቀጥ አለ። አከራያችን የቤቶች ድርጅት በሩ ላይ የይቅርታ ወረቀት ለጥፎ ተሰወረ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ... ወረቀቱ አርጅቶ በሌላ ወረቀት ተተካ እንጂ ሊፍቱ ንቅንቅ አላለም!

እኔስ ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፤ እግሬ ለምዶታል። መከራው የዘጠነኛ ፎቋ የእትዬ ዘነበች ነበር። ጉልበታቸው የሚታዘዛቸው ደስ ሲለው ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሳሙ ወር አለፋቸው።

አንድ ቀን ታዲያ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሦስተኛ ፎቁ ጋሽ ሰይድ፣ እትዬ ዘነበችን ደረጃ ላይ ሲያለከልኩ አገኟቸው። ወዲያው ከቤታቸው ወንበር አወጡ።

«ፌርማታ ነው፤ አረፍ ይበሉ!»

በማግስቱ እኔም ስድስተኛው ላይ ወንበር አወጣሁ። ሰባተኛ ፎቅ የምትኖረው ፖርቱጋላዊቷ ማሪያ ደግሞ ትራስ ያለው አወጣች። አስቤዛቸውም በቅብብሎሽ ሆነ፤ ጋሽ ሰይድ እስከ ሦስተኛ፣ እኔ እስከ ስድስተኛ፣ ከዚያ በላይ ማሪያ። እትዬ ዘነበችም በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ግን ደረሱ።

በዚህ መሀል ድርጅቱ ክሌር የምትባል ባለሙያ ላከብን። ሥራዋ ከተሜ ቀውስ ሲመጣበት፣ ባንክ ሲወድቅ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ እንዴት ተቋቁሞ መልሶ እንደሚነሳ ማጥናት ነው። ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ሰበሰበችን። አስተርጓሚው... መቼም ገምታችኋል።

«ይቺ ልጅ ሪዚ... ምናምን የምትለው ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«መቻል ማለት ነው እትዬ። ችግር ሲመጣ መቻል።»

«ችለን የለም እንዴ! ከዚህ በላይ ምን እንድንችልላት ነው? ይልቅ ስለ ሊፍቱ ንገራት።»

ነገርኳት። እሷም ብዕሯን አሹላ፣ «ታዲያ ያለ ሊፍት እንዴት ኖራችሁ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው የተበላሸሁት! ፈረንጅ ደብተር ይዛ ስለ እኔ ስትጠይቅ ደረቴ ተነፋ። «እኛ ሐበሾች የማንችለው ነገር የለም!» ብዬ ጀመርኩ። ወንበሩን ነገርኳት፣ ቅብብሎሹን ነገርኳት። አልበቃኝም፤ ደረጃውን አስወጥቼ አስጎበኘኋት። ስድስተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ መስላ ወንበሬ ላይ ተዘረረች። ትንፋሿ ሲመለስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ቢዩቲፉል!» አለችና ወንበሩን ፎቶ አነሳች።

ስመለስ እትዬ ዘነበች፣ «ምን አለች?» አሉኝ።

«አደነቀችን።»

«ሊፍቱንስ?»

«አደነቀችን አልኩዎት እኮ!»

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰን። ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቼ፣ ጋሽ ሰይድና ማሪያም ባሉበት አነበብኩት። «ሕንፃችሁ ከፍተኛ የመቋቋም አቅም ያለው ሆኖ ስለተገኘ፣ የሊፍቱ ጥገና ከአስቸኳዮቹ ዝርዝር ወጥቷል። ለጥንካሬያችሁ እናመሰግናለን።»

ከዚያ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው፣ «ልጄ... አንተን ቻልን በል ያለህ ማነው?» አሉኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታ እትዬ፤ ደረጃ ላይ ወድቀዋል ብዬ ለድርጅቱ ልደውል?» ብል፣ «እኔ ለሊፍት ብዬ አልዋሽም» አሉ። «ወንበሮቹን አስገቡ። ያለ ወንበር አልችልም፤ እውነቱ ይኸው ነው። እሱን ንገርልኝ።»

ጋሽ ሰይድ፣ «እሑድስ?» አሏቸው።

«እግዜር ያውቃል፤ እቤቴ እጸልያለሁ።»

ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። እነዚያን ሁለት እሑዶች አስቤዛ ላደርስላቸው ዘጠነኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ጸሎታቸውን በበራቸው በኩል እየሰማሁ ወረድኩ። ፋብሪካው ውስጥ የእረፍት ሰዓቴን ለድርጅቱ በመደወል ጨረስኩት፤ «አንችልም፣ አንችልም፣ አንችልም!» ስል አለቃዬ ሥራ የለቀቅሁ መስሎት ደነገጠ።

በመጨረሻ ክሌር የድርጅቱን ኃላፊ ይዛ መጣች። ሰውየው ወፍራም፣ ከረባቱ ጠባብ። ጥንካሬያችንን ሊያይ ደረጃውን ጀመረ። ሦስተኛ ላይ ዞር ዞር አለ። ስድስተኛ ላይ ግድግዳ ተደገፈ። ዘጠነኛ ሲደርስ እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ወንበር... ወንበር አለ ብለውኝ ነበር!» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

ተረጎምኩላቸው። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ወንበሩም አልቻለም በለው» አሉ።

በአራተኛው ቀን ሊፍቱ ተሠራ! ሁለት ወር አልፎት «የለም» ሲባል የኖረው መለዋወጫ ከየት ተገኘ? እኔ እንጃ፤ ለማመስገን ግን አፌን አልከፈትኩም። ምስጋና ምን እንደሚያመጣ አይቻለኋ!

አሁን ደግሞ የላይኛዎቹ ፎቆች ነዋሪዎች ሌላ ስሞታ ጀምረዋል። ሊፍቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እየቆመ አልወርድም ይላል አሉ። ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ መጥቶ ገመዱንም ሞተሩንም ቼክ አድርጎ ምንም ብልሽት አጣ። እንዴት ያግኘው? ብልሽቱ ከዘጠነኛ ፎቅ ወርዶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንድ እግሩን በሩ መሀል ተክሎ፣ እሱ በአማርኛ ማሪያ በፖርቱጋልኛ... ወሬ ይዘዋል!