ብየዳው እስኪቀዘቅዝ

ጅቡቲ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ይሰጣችኋል። ውኃ ይሰጣችኋል፣ ሲጋራ ይሰጣችኋል፣ ደስ ካሰኛችሁት ልጁንም ይድርላችኋል። ጥላውን ግን አይሰጣችሁም። በሐምሌ፣ ያ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ሲነሳ፣ ጥላ ያገኘ ሰው ወንበሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አባቱ ቢመጡም አይነሳም። ስለዚህ አንድ ሰው ከጥላው ተነስቶ "ና እዚህ ተቀመጥ" ካላችሁ፣ ከማመስገናችሁ በፊት ምን እንደደረሰባችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም። መኪናዬን አይቶ ያከበረኝ መስሎኝ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ።

መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ መሰለኝ። ቀይ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ የእሽቅድምድም ዘር ያላት። ከመሬት ከፍታዋ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ሰው አይገባባትም፣ ይጠልቅባታል እንጂ። የሸጠልኝ ወደ አገሩ ሊመለስ የተነሳ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር ነው። ሲሰናበታት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያኔ ከፍቅር ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ እንደገባኝ ግን ከደስታ ነው። ቀኑን ሙሉ በትራንዚት ቢሮ የሰው ኮንቴይነር ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል፣ ሚስት የሌለው፣ ጸጉሩ ከፊት የሸሸ ሰው በምን አንጀቱ የእሽቅድምድም መኪና ይገዛል? እናቴም ከድሬዳዋ በስልክ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው ስላት፣ "አንዱ ያንተ፣ ሌላውስ የማን ነው?" አለችኝ። "ያንቺ ነዋ" አልኳት። ሳቀች፣ ሳቀችና፣ እንግዲያው መጥተህ ሰፈራችንን ከዚራን አዙረኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ይየኝ አለች። እሺ አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን በማለዳ እህቴ ደወለች። እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ከቻልክ ብቅ ብትል ጥሩ ነው አለችኝ። የአገራችንን ስልክ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ ልባችሁ ድንግጥ እንዳለ አውቃለሁ። የእኔ ልብ ግን ምንም አላለ። የሚገርመው ደግሞ ጅቡቲ ላለው የአገሬ ሰው ሁሉ መርዶ አርጂው እኔ ነኝ። አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሰው ሲኖር ቀድሞ የሚጠራው እኔ ነኝ፤ አፉ ለስላሳ ነው ይሉኛል። ሟች ዘመዱ የሆነው ሰው በምን ዘዴ ከሥራ እንደሚቀር፣ ማን ቤት እንደሚያድር፣ አስቀድሞ ማን እህል እንደሚያቀምሰው፣ ሲነጋ ማን አፍ እንደሚከፍት፣ ሁሉን የማቀናብረው እኔ። "ትንሽ አሟቸዋል" የምትለዋን ቃል በስንቱ ሰው ላይ እንደተጠቀምኩባት እግዜር ይወቀው። ወደ ራሴ ስትመጣ ግን ትንሽ ያመማት ብቻ መሰለኝ። ትንሽ ያመማት እናት ደግሞ ልጇ በቀይ መኪና ከች ሲልላት ብድግ ትላለች፣ አይደል? አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩት። ዓመቱን ሙሉ ግማሽ ቀን ሲነፍገኝ የኖረ ሰውዬ፣ ሂድ፣ እስከፈለግህ ቆይ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መኪና ያለው ሰው እንዴት ይከበራል እያልኩ ወጣሁ።

ከከተማው መውጫ፣ ፔካ 12 ላይ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ከሚሰለፉበት ስደርስ፣ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጓ አለና የባትሪው ቀይ መብራት በራ። ወርጄ ኮፈኑን ብከፍት፣ ዲናሞውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ መያዣው፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። ዲናሞው በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ቺንጋው ወልቆ ወድቋል። ዲናሞ የማይሠራለት መኪና ባትሪው እስኪሞት ይሄዳል፣ ከዚያ ሰው በሌለበት በረሃ መሃል ቀጥ ይላል። ዙሪያዬን የከበቡኝ ሾፌሮች ይህችን ይዘህ በዚያ ኮረኮንች ድሬ ልትገባ ነበር ወይ ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን የማስበው ያን የእናቴን መቀመጫ ነበር። ማታ ሳይመሽ አጠገቧ መድረስ አለብኝ። ለሙሜ ደወልኩ።

ሙሜ የድሬ ልጅ ነው፣ ካርቲየ 3 የሚሉት ሰፈር ጋራዥ አለው። ሌላ ጊዜ ነገ ማለት ይቀናዋል። ያን ዕለት ንግግሬን ሳልጨርስ ተነስቶ መጣና በገመድ ጎትቶ ወሰደኝ። ጋራዡ ስንደርስ ከጎን ያለው የጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ዩሱፍ፣ ከጥላቸው ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ያ መጀመሪያ ያልኳችሁ ጥላ ይኸው ነው። ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ልጄ አረፍ በል ይሉኛል፤ እኔ አረፍ እላለሁ።

ጥቂት ቆይቶ ጽጌ መጣች። ጽጌ የሰፈሬ ልጅ ናት፣ ሄሮን የሚሉት የፈረንጅ ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው ትኖራለች። የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ዓርብ አልነበረም። የተጠበሰ ዓሣና ዳቦ ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ ብላ፣ አሁን ብላ እያለች በእጇ ታጎርሰኝ ጀመር። ስንት ዘመን ዞር ብላ ያላየችኝ ሴት ናት። ዓይኗ ቀልቷል፣ በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። የብየዳው ጭስ ነው ብዬ ወደ እኔ ጠጋ እንድትል ነገርኳት። ለካ ቀይ መኪና የሴት ልብ ያለሰልሳል እያልኩ ነበር በሆዴ፤ ሞኝነቴን ተመልከቱ።

ሙሜ አሮጌውን መያዣ ሞዴል አድርጎ ከከባድ መኪና ሻንሲ ላይ ወፍራም ብረት ቆረጠ፣ በሳ፣ በየደ። እኩለ ቀን ሲሆን ጫት ገባ። ጅቡቲ ውስጥ ጫት ሲገባ መፍቻ የጨበጠ እጅ አታዩም፣ መንግሥትም ይተኛል። ሙሜ ግን ቀና ብሎም አላየ፤ ሞረዱን ይዞ መያዣውን ይሞርዳል። ይለካዋል፣ ይገጥመዋል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ይሞርደዋል። ጣት ላይ የሚደረግ ቀለበት እንኳ እንደዚያ አይሞረድም። በቃ ግጠመውና ልሂድ አልኩት። ብየዳው ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል አለኝ። መቼ ነው የሚቀዘቅዘው? ነገ ጠዋት። እስቲ ንገሩኝ፣ ጅቡቲ ውስጥ፣ በሐምሌ፣ ምን ነገር ሲቀዘቅዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ታማለች፣ አንተ እዚህ ብረት ታስተኛለህ ወይ ብዬ ጮህኩበት። "አቦ ታዬ፣ ነገ ትሄዳለህ፣ ዋላሂ ትሄዳለህ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። መኪና ተሰብሮብኝ ነው፣ ነገ እገባለሁ፣ እስቲ እማዬን አገናኚኝ አልኳት። ተኝታለች አለችኝ። እንግዲያው አትቀስቅሻት፣ ትረፍ አልኩና ዘጋሁ።

ሐጂ ዩሱፍ ቤታቸው ካላደርክ አሉ፤ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ዓይኔን ብገልጥ የበሩ ደፍ በጫማ ተሞልቷል። አለቃዬ አለ፣ ጽጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ሙሜ ከበሩ ሥር አንገቱን ደፍቷል። ሐጂ ከራስጌዬ ተቀምጠው እጄን ያዙ።  "ልጄ ታዬ" አሉኝ፣ "ይህን ሥራ ከእኛ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ እባክህ አታስቸግረን።" ያን ሁሉ ሰው ሳረዳ ምን ስል እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደቅሁ፣ ጮህኩ፣ ደረቴን መታሁ። እናቴን በዓይኔ ሳላያት፣ አንዲት እፍኝ አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ።

ረፋድ ላይ ሚኒባስ አቆሙልኝ። ለካ ሐዘንተኛ ብቻውን አይላክም፣ አብሮኝ የሚሄደው ሰው ሞልቶ ነበር፤ የእኔዋ ባለ ሁለት መቀመጫ ጋራዥ ውስጥ ቀረች። ከመሳፈሬ በፊት ሙሜን ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኩት። እውነቱን ንገረኝ፣ መያዣው መቼ ነው ያለቀው አልኩት። ትናንት ከቀትር፣ ከአዙሁር ሰላት በፊት አለኝ። አንገቱን ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ያኔ ብትለቀኝ ቀብሯ ላይ እደርስ ነበር አልኩት፣ እናቴን ነው የሰረቅከኝ። ሙሜ እጄን ከአንገቱ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደ። እህቴ "ትንሽ አሟታል" ብላ ስትደውል እናቴ ከተቀበረች አንድ ቀን አልፎ እንደነበር ነገረኝ። እኔ የምከንፈው ወደ ባዶ አልጋ ነው።

"ደግሞ አንተ ስትደውል የት ነበርን መሰለህ?" አለኝ። መርዶውን ቀድመው ሰምተው ሐጂ ሱቅ ተሰብስበው ኖሯል፤ እኔ ብቻዬን በበረሃ እየነዳሁ ወሬውን ከመንገድ ሰምቼ ገደል እንዳልገባ፣ መኪናዬን በምን እናበላሽበት እያሉ ይመክራሉ። ጽጌ ቁልፉን ልስረቀው ትላለች። ሙሜ ቺንጋውን ልቁረጠው ይላል። ሐጂ ዩሱፍ፣ ዝንብ የማይነኩት ሐጂ ዩሱፍ፣ አራቱንም ጎማ በወስፌ ልብሳው ብለው ተነስተዋል። ገና ወስፌ ሲፈልጉ ነው እኔ የደወልኩት፣ የዲናሞው መያዣ ተሰንጥቆ ቆምኩ ብዬ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አልሐምዱሊላህ አሉ።

ሳቅ አመለጠኝ። በእናቴ መርዶ፣ ሐዘንተኛው ሁሉ ፊት፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ጽጌ አበደ ብላ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። እንዲህ ያለ ጉድ ሲገጥመኝ የማወራት አንድ ሰው ድሬዳዋ ነበረችኝ፤ ሐጂ ወስፌ ሲፈልጉ ብነግራት እንባዋ እስኪፈስ ነበር የምትስቀው። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሯን ግማሽ ድረስ መትቼ ነበር።