ጋሽ ጉልላት ወደ ቦነስ አይረስ ሲልኩን

በዚህ አገር ሰፈር ሁሉ አንድ ሰው አያጣም፤ የትም ሳይሄድ የሁሉንም መንገድ የሚያውቅ። ሐኪም ቤት ልትሄድ ስትነሳ በየትኛው በር መግባት እንዳለብህ ይነግርሃል። ልጅህን ልትድር ስትል የድንኳኑን ቦታ በእርምጃ ይለካልሃል። ነፍስህ ልትወጣ ስታጣጥር እንኳ አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «እንዲህ አይደለም የሚሞተው» የሚልህ ይመስለኛል።

አዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ጉልላት ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ አንድም ቀን አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። የሩቅ አገር ስም ሲነሳ ግን ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳዩሃል። «በእጄ አልፏል» ይላሉ። ጃፓን በእጃቸው አልፏል። ኖርዌይ በእጃቸው አልፏል። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ ለማሾፍ በፈጠሩት አገር ስም ጠይቀዋቸው እሱም በእጃቸው ማለፉ ታወቀ፤ ደብዳቤው ጥቂት ነው እንጂ፣ አሉ።

እኚህን ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ጠልቻቸዋለሁ። በቀልድ አይደለም፤ ገና ድምፃቸውን ከአጥር ወዲያ ስሰማ ጥርሴን እነክስ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የባለቤቴ የሙሉመቤት ታላቅ እህት አስካለ፣ ካርሎ የሚባል ጣሊያናዊ መካኒክ አግብታ እዚሁ ሐይቅ ዳር ትኖር ነበር። በስድሳ ሰባት ጋራዡ ሲወረስ ባልየው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ፣ ወንድሙ ወደሚኖርበት ቦነስ አይረስ ይዟት ሄደ። ከስምንት ዓመት በኋላ ደብዳቤዋ መጣ። አራታችንንም ጋበዘችን፤ እኔን፣ ሙሉመቤትን፣ የሰባት ዓመት ልጃችንን ፀሐይን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናታቸውን እማማ ሽታዬን። የአውሮፕላኑን ካርሎ ይችላል፤ ፈቃዱን ብቻ እናንተ ጨርሱ፣ ይላል ደብዳቤው።

እማማ ሽታዬ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበር። ቀዶ ሕክምና አለ ብንላቸው እሺ አላሉም። «ሐኪሙ ይቺን የቀረችኝን ብርሃን ቢያጠፋብኝስ? መጀመሪያ አስካለን ልያት። ከዚያ ወዲያ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።» ከዚህ በኋላ ጉዞው ሽርሽር መሆኑ ቀረ። ዓይናቸው ሳይጠፋ መድረስ ነበረብን።

ሙሉመቤት በሩን ዘጋችና «ለማንም አይነገር» አለችኝ። ልክ ነበረች። በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ አገር እሄዳለሁ ያለ ሰው ሁሉ ልኮበልል ነው እንዳለ ይቆጠር ነበር። እኔም ለማንም አልነገርኩም። ችግሩ ፖስታውን በእጄ እንደያዝኩ ደጃፍ ላይ ጋሽ ጉልላትን ማግኘቴ ነው። ዓይናቸውን ቴምብሩ ላይ ጣል አደረጉ።

«አርጀንቲና። በእጄ አልፏል። መቼ ነው የምትሄዱት?»

በማግሥቱ ቁርስ ላይ መጡ። በሦስተኛው ቀን ካርታ ይዘው መጡ። በሳምንቱ ጉዞው የእሳቸው፣ እኛ ደግሞ ዕቃው ሆንን።

«በሐምሌ አትሄዱም» አሉ። «ሐምሌ እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ታኅሣሥ ነው ሙቀቱ።»

«ጋሽ ጉልላት፣ ፈረንጅ ገናን በበረዶ አይደል እንዴ የሚያከብረው?» አለች ሙሉመቤት።

«እሱ የላይኛው ፈረንጅ ነው። ይሄ የታችኛው ነው።»

ትምህርት ቤት ሄጄ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ገለጥኩ። ትክክል ሆነው ተገኙ። ከዚህ በላይ ሰው የሚያናድድ ነገር አላውቅም። ሁልጊዜ ቢሳሳቱ ኖሮ እንደ ሬዲዮ ትተናቸው እንውል ነበር።

ቀጥሎ ለእማማ ሽታዬ የአገሩን ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። «ቦንጆርኖ። አኳ። ፓኔ። ማንጃሬ።» አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ ዳዊት ይደግማሉ።

«ይሄኮ ጣሊያንኛ ነው» አልኩ። «እዚያ የሚናገሩት እስፓንኛ ነው።»

ጋሽ ጉልላት በሐዘኔታ አዩኝ። «ባልየው ጣሊያን ነው ወይስ አይደለም? እማማ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር?»

የፓስፖርቱን ፎቶግራፍ ሦስት ጊዜ አስነሱን። የመጀመሪያውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የሚመለስ ሰው ፊት አይደለም» አሉ። ሁለተኛው ላይ ሙሉመቤት ፈገግ ብላ ነበር። «ይቺማ ከናካቴው ሄዳለች።» ሦስተኛው ላይ አራታችንም ኀዘን የደረሰብን መስለን ወጣን። «አዎ» አሉ፤ «እንዲህ ያለ ሰው አገሩን አይለቅም።»

ይህን ሁሉ ቻልኩ። ያልቻልኩት የሻንጣውን ነገር ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ቆጮ የታጨቀበትን ሻንጣ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ አሸክመው ወደ ሙህዲን ሱቅ ወሰዱት። በሙህዲን የእህል ሚዛን ሊመዝኑት ነው። ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ፣ «መላው ቤተሰብ ነው የሚሄደው፤ ቦነስ አይረስ፤ በሮም በኩል» እያሉ መዘኑት።

ሰኞ ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ከበደ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁንም ሰውን የሚያየው ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየለካ ነው።

«ጓድ በላይነህ፣ ለሽርሽር ነው ወይስ ለስደት?»

«ለዘመድ ጥየቃ ነው።»

«ከነሚስት፣ ከነልጅ፣ ከነአማት? ድመት አላችሁ?»

«የለንም።»

«ብትኖራችሁ ፓስፖርት ታወጡላት ነበር። የሻንጣህን ክብደት ሳይቀር አውቃለሁ፤ ሃያ ሦስት ኪሎ። የድጋፍ ደብዳቤ የለም።»

ከቀበሌው እስከ ጋሽ ጉልላት ቤት እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የአውሮፕላን ሰዓት በእርሳስ እያሰሉ ነበር። ጮህኩባቸው። አንዲት እናት ልጇን ሳታይ ዓይኗ የሚጠፋው በእርስዎ ምላስ ነው አልኳቸው። በመጨረሻም ሊባል የማይገባውን አልኩ።

«ጡረታ ወጡ እንጂ የሰው ደብዳቤ መክፈት አልተዉም።»

እርሳሱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ» አሉ፣ «አንድም ፖስታ ከፍቼ አላውቅም።» ተነሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ በሩንም ዘጉ።

ዘጠኝ ቀን አልመጡም። ሰላም አገኘሁ ማለት ነው፤ ግን ቁርስ ላይ ወሬ የሚያነሳ ጠፋ። እማማ ሽታዬ «አቶ ጉልላት ታመው ይሆን?» ሲሉ እኔ ዳቦዬን አያለሁ።

በአሥረኛው ቀን ጓድ ከበደ እንደገና አስጠራኝና አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ለወይዘሮ ሽታዬ ብቻ፣ ለሦስት ወር፣ የድጋፍ ደብዳቤ። ከሥሩ የዋሱ ስም ተጽፏል፤ አቶ ጉልላት። እማማ ካልተመለሱ የዋሱ ቤት ይወረሳል፤ እሳቸውም ይጠየቃሉ። ለካ ዘጠኙንም ቀን ጠዋት ጠዋት ቀበሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ ኖረዋል። የገዛ ወንድሜ፣ ዋስ ሁነን ብዬው፣ የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ነበር የሄደው።

አመሰገንኳቸው? የለም። የባሰ ተናደድኩ። ማን ጠየቃቸው? ሳያማክሩን ሚስቴን ከጉዞው ሰርዘዋታል። ለእህቷ ያሰፋችውን ቀሚስ ይዛ ሙሉመቤት አልጋው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀሚሱን አጠፈችና እናቷ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። «እናቴ ትሂድ» አለች። «እኔ ዓይኔ ደህና ነው፤ እጠብቃለሁ።» ማንን መሳደብ እንደሚገባኝ ጠፋኝ፤ ስለዚህ ጋሽ ጉልላትን መሳደብ ቀጠልኩ።

የመውጫ ቪዛው ሌላ ስምንት ወር ፈጀ። በ1976 ታኅሣሥ መግቢያ፣ እሳቸው ባሉት ወር፣ እማማ ሽታዬ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ጋሽ ጉልላት ነጭ ጨርቅ አምጥተው በማይለቅ ቀለም ተቀባይና ላኪ ጻፉበት፤ በአማርኛም በላቲንም። ሙሉመቤት ከጋቢያቸው የውስጥ ጠርዝ ጋር ሰፋችው።

«እማማ፣ ከእንግዲህ እርስዎ የአደራ ደብዳቤ ነዎት» አሏቸው። «ሮም ላይ የካርሎ ዘመድ ፈርሞ ይረከባል፤ እዚያ ደግሞ አስካለ ፈርማ ትረከባለች። እርስዎ ዝም ብለው መተላለፍ ነው።»

«ይሁን፣ ልተላለፍ» አሉ አማቴ።

ደረሱ። አስካለ «እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ መስኮት አጠገብ አቁማ እስኪበቃት አየችኝ» ብላ ጻፈች። ሙሉመቤት ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አልቆጠርኩም።

ሦስት ወር ሞላ፤ እማማ ሽታዬ አልተመለሱም። አራተኛው ሲጋመስ ጓድ ከበደ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልኮ ጋሽ ጉልላትን ከቤታቸው አስወሰደ። ቀኑ ካለፈም ወዲህ እኛ ዘንድ ብቅ ብለው «ምን ሰማችሁ?» እንኳ አላሉንም ነበር። መታሰራቸውን የሰማነው ከሙህዲን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ምግብ ይዤ ሄድኩ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው አልተላጨም፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ያን ሳይ፣ ዓመት ሙሉ በእሳቸው ላይ ያከማቸሁት ንዴት አድራሻውን ለወጠ። ወደ ጓድ ከበደ ቢሮ ገባሁ።

«እኔም ዋስ ነኝ። ጻፈኝ።»

«ዋስ በኋላ አይጨመርም።»

«እንግዲያው እኔንም እሰረኝ። ሴትየዋ የእኔ አማት ናቸው፤ የእሳቸው አይደሉም።»

ጓድ ከበደ ከትከሻዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለካኝና ወደ ክፍሉ ጠቆመኝ። ገብቼ ከጋሽ ጉልላት ጎን ተቀመጥኩ።

«ግድግዳውን አትደገፍ» አሉ፤ «ኖራው ይለቅብሃል።»

ሳብ አልኩ።

«እግርህንም አታጥፈው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደነዝዛል።»

ምግቡን ፈታሁላቸው። ጥቂት ከጎረሱ በኋላ፣ «የሚዛኑ ቀን አፌ ነው ነገሩን ያበላሸው፤ አውቃለሁ» አሉ።

«እኔም ስለ ደብዳቤው ያልኩት...»

«እሱን ተወው። ብላ።»

ከሰዓት በኋላ ሙሉመቤት እየሮጠች መጣች። ከአስካለ ደብዳቤ ደርሷል። እማማ ሽታዬ እሺ ብለው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ አንደኛው ዓይን ድኗል፣ ሁለተኛው እየተጠበቀ ነው። የሐኪሙም ወረቀት ተያይዟል፤ ግን በእስፓንኛ ነው። ጓድ ከበደ ክፍላችን በር ላይ ቆሞ ወረቀቱን ገለባበጠው።

«ይሄን ማን ያነባል?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ጉልላት፣ ሱሪያቸውን እያራገፉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አንዲት ቃል የማያውቁትን ወረቀት እንደ አዋጅ አነበቡት። «‹ታካሚዋ ወይዘሮ ሽታዬ እስከ ግንቦት ሃያ በሕክምና ላይ ይቆያሉ። ከዚያም ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሶሻሊስት እናት አገራቸው ይመለሳሉ።›»

«ሶሻሊስት ይላል?»

«ከፊርማው በላይ። ማኅተሙንም ተመልከት፣ የመንግሥት ነው።»

ጓድ ከበደ ማኅተሙን ረጅም ጊዜ አየ። ማኅተም ሁልጊዜ ያሸንፈው ነበር። ሁለታችንንም ለቀቀን፤ ግንቦት ሃያን ግን መዝገቡ ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ሙሉመቤት ቀን እየቆጠርን እንቅልፍ አጣን። ለአስካለ በቴሌግራም ቀኑን አሳወቅናት፤ ይድረስ አይድረስ አናውቅም ነበር።

ግንቦት አሥራ ስምንት፣ ሙሉመቤት ከአዲስ አበባ ተቀብላቸው በአውቶቡስ መጡ። እኔና ጋሽ ጉልላት አውቶቡስ ተራ ቆመን እንጠብቅ ነበር። እማማ ሽታዬ የማንንም እጅ ሳይዙ ደረጃውን ወረዱ። እኔን ሳሙኝ። ከዚያ አጠገቤ ወደቆሙት ሰው ዞረው አተኩረው አዩ። መጀመሪያ ወደዚህ ሰፈር ስንዛወር ሞራው ጀምሯቸው ስለነበር፣ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን በቅጡ አይተውት አያውቁም።

«አቶ ጉልላት እርስዎ ነዎት?» አሉ። «አጭር ነዎት ለካ።»

ጋሽ ጉልላት አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፤ ኮፍያቸውን አወለቁና ወደ አውቶቡሱ ጎማ ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉበት። ይህን ሰው ዝም ለማሰኘት ስንት ቀን ተመኝቻለሁ። ሲሆን ሳየው ግን አልወደድኩትም። ሻንጣውን አንሥቼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እንሂድ፣ ጋሼ። በዚህ በኩል።»

«የለም፣ የለም» አሉ፣ ኮፍያቸውን እያጠለቁ። «በሐይቁ በኩል ይቀርባል።»

በሐይቁ በኩል ሄድን። ግማሽ ሰዓት ያረዝማል። ሻንጣው ትከሻዬን ቆረጠኝ፤ አንድ ቃል ግን አልተነፈስኩም።