በስብሰባ የተመረጠው በሬ

በዚህ አገር ሰውና በሬ ከልብ የሚዋደዱት በጾም ወራት ብቻ ነው! አትቆጡ... ማስረጃ አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ ቦሌ ሳር እንጂ ሕንፃ አያበቅልም ነበር። ከመድኃኔዓለም ወዲያ የነበረው የኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን ምልክት አንበሳ ነበር። አንበሳው ማን መሰላችሁ? እኔ! ከአጎዛ የተሰፋ ጎፈር አጥልቄ በሜዳው ዳር አገሳለሁ፤ ኮረዶቹ ይስቃሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ሹመት አለ?

አንድ ቀን፣ መጽሐፍን በሽፋኑ ብቻ የሚያውቀው የኮሌጁ ካድሬ፣ ጓድ ደምሴ፣ ስብሰባ ጠራ።

"አንበሳ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው! ይውረድ!"

ወረድኩ። ማን ይተካኝ?

"ንስር!" አለ አንዱ ተማሪ።

"የኢምፔሪያሊስቶች ወፍ!"

"ነብርስ?"

"ብቻውን የሚያድን ግለኛ!"

"ጅብ?"

ጓድ ደምሴ ትንሽ አሰበበት። "ጅብ ሰዓት እላፊ ይጥሳል።"

በመጨረሻ ራሱ መልሱን ሰጠን። "በሬ! ሠርቶ አደር ነው፤ አያጉረመርምም!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በሁዳዴ መግቢያ አዋጥተን በሬ ገዛን፤ ቀለሙ ቀይ እንዲሆንም ተወሰነ! ጠባቂው እኔ ሆንኩ... የቀድሞው አንበሳ ራሱን እንዲያርም።

ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ አልኩት። ወደድኩት፤ በዚያ የመጠራጠር ዘመን ያለ ፍርሃት የማወራው እሱን ብቻ ነበር። ከጎሉ ጀርባ ተኝቶ ሲያመነዥክ አሸነፍን። ደግሞ አሸነፍን። እሱ ግን ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ... ወፈረ! የዋንጫው ጨዋታ ደግሞ በፋሲካ ማግስት ዋለ።

በስቅለት ዕለት ጓድ ደምሴ የቦራን ሻኛ በሁለት እጁ ሲጫን ደረስኩበት።

"ጓድ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሞራሉን እየገመገምኩ።"

"ዋንጫው እኮ ሰኞ ነው!"

"አዋጥተን አይደል የገዛነው? የጋራ ነው። የጋራ በሬ ደግሞ ለፋሲካ ቅርጫ ነው።"

"በእናትዎ፣ ቦራን አትረዱት!" ብዬ ገመዱን ያዝኩ።

"ጓድ፣ በግለሰብ አምልኮ ተለክፈሃል!" አለኝ።

ዓመቱን ሙሉ "እግዜር የለም" እያለ ያደነቆረን ሰውዬ፣ በፋሲካ ጠዋት ቢላዋ ስሎ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። ሻኛውን ለራሱ መደበ። እኔ አልቀመስኩም፤ ከግቢው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ብታምኑም ባታምኑም!

ሁዳዴን ጾሞ፣ በአንድ ቀን ቁርጥ የዋጠ ቡድን ሰኞ መሮጥ ቀርቶ መቆም አቃተው። በረኛችን ጎል እየገባበት ሆዱን ይዞ ያዛጋል። ዋንጫው ሄደ።

ማክሰኞ የግምገማ ስብሰባ ሆነ። ጓድ ደምሴ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተነሳ።

"የሽንፈታችን መንስኤ ግልጽ ነው! በሬው በወሳኙ ሰዓት ከትግሉ ሜዳ ተሰውሯል!"

ቦራ በሙሉ ድምፅ ተወገዘ።

በሬ መበላቱስ ያለ ነው። በዚያ ዘመን ግን የበላህ ሰው ገና ጥርሱን ጎርጉሮ ሳይጨርስ ነው "ከሃዲ" የሚልህ!